ከሴራሚኩ በፊት ወለሉ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የንጣፍ ሙያ ለሚጀምሩ

የሴራሚክ ሥራ መማር የሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ መቁረጫው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው መቁረጥ የሙያው ዋና ክፍል ይመስላል፤ ሴራሚኩ በአንድ ጭረት ቀጥ ብሎ ሲሰበር ማየትም ያጓጓል። መቁረጥን ግን ትጉህ ሰው በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ረጅም ጊዜ የሚወስደውና አንዱን ባለሙያ ከሌላው የሚለየው ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሥራ ነው፤ ይህም ወለሉን መመርመር፣ ልኩን ማውጣትና ሥሩን ባዶ ቦታ ሳያስቀሩ መሙላት ነው። ሴራሚክ የሠሪውን ሥራ ስለሚሸፍን ጉድለቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ከተከፈለ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሙያውን ከሥሩ ጀምሮ ለመማር ለቆረጠ ሰው ነው።

ከማን ጋር መጀመር

የተለመደው መንገድ ከአንድ ባለሙያ ጋር ረዳት ሆኖ መግባት ነው። ባለሙያውን ሲመርጡ ግን የያዘውን ሥራ ብዛት ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የሠራውን ወለል መመልከት ይሻላል። ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ገብቶ በሳንቲም ወይም በቁልፍ ጫፍ ወለሉን እዚህም እዚያም ማንኳኳት፣ በሩ አጠገብና ጥጋጥጉ ላይ ያለውን አቆራረጥ ማየት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውሃ ያቁር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ሥሩ ሞልቷል፤ እንደ ባዶ ሣጥን የሚያስተጋባ ከሆነ ግን ከዚያ ሰው ዘንድ የሚገኘው ትምህርት ፍጥነት ብቻ ነው።

እኔን ያስተማሩኝ አዛውንት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሴራሚክ አላስነኩኝም ነበር። አሸዋ አስነፍተውኛል፣ አስቦክተውኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ እሳቸው በቀደመው ሳምንት ያነጠፉትን ወለል እያንኳኳሁ የተጠራጠርኩትን በእርሳስ ምልክት እንዳደርግ ያዙኝ ነበር። ሲሰለቸኝ አይተው «አብሽር፣ እጅህ ከጆሮህ በኋላ ይማራል» አሉኝ። ዛሬ እኔም ረዳቶቼን የማስጀምረው በዚሁ ነው፤ ምክንያቱም መጥፎውን ድምፅ ለይቶ ያወቀ ሰው ሲያነጥፍ የሚያመልጠው ጥቂት ነው።

በኮሌጅ በኩል መማር ለሚፈልግ በደሴ የወይዘሮ ስህን፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ስላሉ በቅድሚያ እዚያ ሄዶ በዓመቱ ምን ዓይነት ግንባታ ነክ ሥልጠና እንደሚሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሥራ ላይ የተማረም ቢሆን የሙያ ብቃት ምዘና፣ ብዙዎቻችን ሲኦሲ የምንለውን፣ ቢወስድ ይጠቀማል። ወረቀቱ እጅን አያሠለጥንም፤ ሆኖም ከኮንትራክተር ጋር ለመዋዋልና በማኅበር ለመደራጀት በር ይከፍታል።

ስለ መሣሪያ

ጀማሪ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ጊዜ መግዛት አይጠበቅበትም። ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ የጎማ መዶሻ፣ ማንካ፣ ጥርስ ያለው የማጣበቂያ ማልበሻ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየምና 10 ሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ለመጀመር ይበቁታል። ከእነዚህ ሁሉ የማደንቀው ጎማውን ነው፤ ውሃ ተሞልቶ የአየር አረፋ እስካልቀረበት ድረስ ከሳሎን እስከ ጓዳ ያለውን ልክ ከማንኛውም አጭር ውሃ ልክ ይበልጥ በታማኝነት ያሳያል። ውሃ ልኩን ደግሞ በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ለክቶ፣ ዳርና ዳሩን አዙሮ እዚያው እንደገና ሲለኩት አረፋው በተለያየ ቦታ ከቆመ መሣሪያው ተበላሽቷል።

በግራይንደር ሲቆርጡ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው። የሴራሚክና የኮንክሪት አቧራ በውስጡ ሲሊካ ስላለው ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን በማይድን ሁኔታ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከቤት ውጭ ወይም ውሃ እያስነኩ መቁረጥ ይገባል፣ ውሃ ሲጠቀሙም የኤሌክትሪኩ ገመድ ከእርጥበት መራቁን ማረጋገጥ አይዘነጋም። ሲሚንቶም ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል፤ ለጉልበትም ወፍራም ስፖንጅ ያለው መከላከያ ማሰር ከመጀመሪያው ቀን ሊለመድ ይገባዋል።

ወለሉን መመርመር

እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እፈልጋለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም ለሴራሚክ ሠሪ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይበርዳል፣ ክረምቷም ጭጋጋማና እርጥብ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,800ዎቹ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ደሴ ላይ የሠራንበት ማጣበቂያ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በተመሳሳይ አኳኋን አይታዘዝም።

ልዩነቱ ከአየሩ አልፎ እስከ መሬቱ ይወርዳል። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ ብዙው ቤት የቆመው ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተሞልቶ በተደለደለ ቦታ ላይ ነው። የተሞላው ወገን በጊዜ ብዛት ሲሰጥም ከተቆረጠው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ወለሉ ይሰነጠቃል። በቦርከና ወንዝ ዙሪያ ባለው የኮምቦልቻ ሜዳ ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ያጋጥማል። እንዲህ ባለ ቦታ ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ በምትኩ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት አፈር) በየንብርብሩ ውሃ እየጠጣ ካልተጠቀጠቀ፣ ከላይ የተነጠፈው ሴራሚክ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይበረክትም። ስለሆነም ባለሙያው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ከሥር ምን እንዳለ መጠየቅ፣ ስንጥቅ ካየም ለባለቤቱ አሳይቶ መናገር አለበት። ቆሞ የቀረ ቀጭን ስንጥቅ ሊታከም ይችላል፤ ገና የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ላይ ሴራሚክ ማልበስ ግን ስንጥቁን ወደ ላይ ማሻገር ብቻ ነው።

ወለሉ አዲስ ኮንክሪት ከሆነ 28 ቀን እስኪሞላው መጠበቅ ይመከራል። በላዩ የሚፈስሰው የሲሚንቶና የአሸዋ ስክሪድም ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሳምንት ገደማ መድረቂያ ይፈልጋል፤ በደሴ ክረምት ከዚህም ይበልጥ መታገሥ ያሻል። አራት ጥግ የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቆ አንድ ሌሊት ማሳደርና ጠዋት ሥሩ ላቦት ይዞ እንደሆነ ማየት ቀላል ምርመራ ነው። አሮጌና ለስላሳ ሊሾ ወለል ከሆነ ደግሞ ቀለሙና ሰሙ ተፍቆ፣ ፊቱ በመዶሻና በመሮ ሸካራ መደረግ ይኖርበታል።

አሸዋውንም መፈተሽ ያስፈልጋል። የሃይላንድ ፕላስቲክ እስከ ሲሶው አሸዋ ሞልቶ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ በመናጥ ለጥቂት ሰዓት ሲያስቀምጡት ጭቃው ከአሸዋው በላይ ለብቻው ይተኛል። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ነጋዴው ቅር ሊለው ይችላል፤ ጭቃ ያለበት አሸዋ ግን ሲሚንቶው እንዳይዝ ያደርጋል።

ልክና አከፋፈል

የሴራሚክ ብዛት ሲሰላ ወለሉን ብቻ ለክቶ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው፤ ለብልሽት 10 በመቶ ሲጨመር 22 ካሬ ይሆናል። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አንዱ 0.36 ካሬ ስለሚሸፍን 4 ፍሬ ያለው ካርቶን 1.44 ካሬ ይይዛል፤ ስለዚህ 16 ካርቶን ይበቃል ተብሎ ይገመታል። ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ የሚለጠፈው ጠባብ ረድፍ) ከዚያው ሴራሚክ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል፦ ባለ 90 ሴንቲ ሜትሩ በር ሲቀነስ የግድግዳው ዙሪያ 17.1 ሜትር ነው፣ ከአንድ ሴራሚክ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው አምስት ቁራጮች ማለትም 3 ሜትር ዞኮሎ ይወጣል፣ ስለዚህ 6 ሴራሚክ ተጨማሪ ስለሚያስፈልግ ግዢው 17 ካርቶን መሆን አለበት። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ የብልሽቱ መጠን እስከ 15 በመቶ ከፍ ይላል። ካርቶኖቹ ከሱቅ ከመውጣታቸው በፊት የሁሉም የቀለምና የመጠን ቁጥር አንድ መሆኑን ማንበብ ይገባል፤ ስሙና ሥዕሉ አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ተነጥፎ ሲያበቃ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ከዚያ ክፍሉ ማዕዘኑን የጠበቀ መሆኑ ይፈተሻል። ከአንድ ጥግ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ሲደረግ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። በጠባብ ክፍል 60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር ያገለግላል። በልምዴ ማዕዘኑን በትክክል የጠበቀ ክፍል እምብዛም አላገኘሁም፤ ስለዚህ ሲባጎው የሚዘረጋው ግድግዳን ተከትሎ ሳይሆን በወለሉ መካከል ከወጣው ቀጥ ያለ መስመር ተነሥቶ ነው።

ቀጥሎ ማጣበቂያ ሳይነካ ሴራሚኩን በደረቁ ደርድሮ ማየት ነው። ለምሳሌ የክፍሉ ስፋት 3.10 ሜትር፣ መገጣጠሚያው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከአንዱ ግድግዳ ጀምሮ አምስት ሙሉ ሴራሚክ የደረደረ ሰው መጨረሻ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ቁራጭ ትቀረዋለች። አራት ሙሉ ሴራሚክ መካከል ላይ ቢያደርግ ግን በግራና በቀኝ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ እኩል ቁራጮች ይኖሩታል። ይህን ለማወቅ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው። እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው መስመር ቀዳሚ ስለሆነ፣ የግድ ጠባብ የሚሆነው ቁራጭ ሶፋ ወይም ቁም ሣጥን በሚያርፍበት በኩል እንዲውል ይደረጋል።

ማንጠፍ

በአካባቢያችን ሁለት አሠራሮች አሉ። የቆየው፣ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ሆኖ በቦካ ሙሌት ላይ፣ በውሃ የቀጠነ ንጹሕ ሲሚንቶ አፍስሶ ሴራሚኩን በጎማ መዶሻ እየመቱ ማስቀመጥ ነው። ይህ አሠራር ውሃ ለሚመጥጥ ሴራሚክ፣ ያውም አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለጠገበ፣ ያገለግላል። ፖርሴሊን የሚባለው ጠጣር ሴራሚክ ግን የሚመጥጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ስለማይበልጥ የሲሚንቶው ውሃ ሊገባበት አይችልም፤ ለጥቂት ወራት የያዘ ይመስልና ይላቀቃል። ሁለተኛው አሠራር በማጣበቂያ ማንጠፍ ነው፤ ለፖርሴሊን ለዚያው የተዘጋጀ ማጣበቂያ መጠቀም አማራጭ የሌለው ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ያልታወቀ ሴራሚክ ካጋጠመ ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃው ቶሎ ከሰረገ ተራ ሴራሚክ ነው፣ ተንከባሎ ከቆየ ፖርሴሊን ነው።

ማጣበቂያው ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ይቦካል፣ አምስት ደቂቃ ገደማ ያርፋል፣ እንደገና ይማሰላል። መጠጠር ሲጀምር ውሃ መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው። በማልበሻው ለስላሳ ጎን በመጫን ወለሉ ላይ ተቀብቶ፣ ጥርስ ባለው ጎን በአንድ አቅጣጫ ይበጠራል፤ ለ60 በ60 ጥርሱ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በክብ በክብ የሚያበጥር ወይም በአራት ማዕዘንና በመሐል አምስት ጉብታ አድርጎ የሚለጥፍ ሠራተኛ አየሩን ከሥር እየቆለፈ ነው። ሴራሚኩ ሲቀመጥ የማጣበቂያውን መስመሮች አቋርጦ ወዲህና ወዲያ እየተገፋ ይጫናል። በየጊዜው አንዱን አንሥቶ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል፦ በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶው፣ በመታጠቢያ ቤትና በበረንዳ 95 በመቶው ማጣበቂያ ነክቶት መገኘት አለበት።

በኮምቦልቻ ሙቀት በተለይ በግንቦትና በሰኔ ወለሉን በጨርቅ ማርጠብ፣ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ መጋረድና በአንድ ጊዜ ከአንድ ካሬ በላይ አለመቀባት ይበጃል። የተበጠረው ማጣበቂያ በጣት ሲነካ ጣት ላይ ካልቀረ ፊቱ ደርቋልና ተፍቆ በአዲስ ይተካል። በደሴ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ ሥራውን ረፋድ ላይ ጀምሮ አመሻሽ ሳይደርስ ማቆም፣ በተነጠፈው ላይ ለመቆምም ከ24 ሰዓት በላይ መታገሥ ይገባል።

አሁን በራሴ እጅ የደረሰውን ልናገር። ራሴን ችዬ ከወሰድኳቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ሳሎንና ረጅም ኮሪደር ነበር። ንጹሕ ሥራ ላሳይ ብዬ ሴራሚኩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጥብቄ ሞላሁት፣ መገጣጠሚያውንም እጅግ አጠበብኩት። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ፣ በቀትር፣ የኮሪደሩ መካከል በከፍተኛ ድምፅ ተነሥቶ ሁለት ረድፍ ሴራሚክ እንደ ጣሪያ ተደጋግፎ ቆመ። የቤቱ እመቤት ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ወደ ደጅ ወጥተው ነበር። ሴራሚክ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ኮንክሪቱ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መላወሻ ሲያጣ ያለው መውጫ ወደ ላይ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በራሴ ወጪ አንሥቼ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሳልተው፣ ክፍተቱንም ከሲሚንቶ ሳላጸዳ ዞኮሎ ገጥሜ አላውቅም። ዞኮሎው ክፍተቱን ስለሚሸፍነው መልኩ አይጎዳም። በረጅም ኮሪደርና በአዳራሽም በየ6 እስከ 8 ሜትሩ በሲሊኮን የሚሞላ መላወሻ መስመር እተዋለሁ።

መታጠቢያ ቤትና በረንዳ

በደሴና በኮምቦልቻ በብዙ ቤት መታጠቢያው በቀን አምስት ጊዜ ውዱዕ (ከሶላት በፊት መታጠብ) የሚደረግበት ስለሆነ ወለሉ ደርቆ የሚውልበት ሰዓት ትንሽ ነው፣ አረጋውያንም በእርጥብ እግር ይቆሙበታል። ባለቤቱ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ መርጦ ቢመጣ እንኳ ለወለሉ ሸካራ ፊት ያለው እንዲሆን ማግባባት የባለሙያው ኃላፊነት ነው። ለግድግዳ የተሠራ ሴራሚክም ወለል ላይ አይነጠፍም፤ ስስ ስለሆነ ይሰበራል፣ ፊቱም ይፋቃል።

ወደ ማስረጊያው የሚወርደው ተዳፋት ለአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ማስረጊያው ከሩቁ ግድግዳ 1.5 ሜትር ከራቀ የግድግዳው ሥር በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ተዳፋቱ የሚወጣው በስክሪዱ ላይ ነው፤ በማጣበቂያ ውፍረት ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ማጣበቂያው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሴራሚኩ ይጎብጥበታል። ከሴራሚኩ በፊት ውሃ መከላከያ ወለሉን በሙሉ፣ በሻወሩ በኩል ደግሞ ግድግዳውን እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ማስረጊያው ተደፍኖ ውሃ ለ24 ሰዓት ይታቆርበታል። ፎቅ ላይ ያለ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ከሥሩ ያለውን ጣሪያ ሄዶ ማየት አይቀርም።

ግድግዳ ሲለበስ የታችኛው ረድፍ ለጊዜው ይተዋል። በሁለተኛው ረድፍ ግርጌ ልክ በውሃ ልክ የተስተካከለ ቀጥ ያለ ጣውላ ተመቶ ሥራው ከዚያ ላይ ይጀመራል፣ ጣውላው በማግሥቱ ሲነሣ የታችኛው ረድፍ ከወለሉ ተዳፋት ጋር እየተለካ ይቆረጣል። ለቧንቧና ለማብሪያ ማጥፊያ የሚከፈት ቀዳዳ ጥጉ ሹል ሆኖ ከተቆረጠ ስንጥቅ ከዚያ ስለሚጀምር፣ መጀመሪያ ማዕዘኖቹን በቀጭን ድሪል መብሳት ይረዳል።

መገጣጠሚያውን መሙላትና ማስረከብ

ግራውት፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መሙያ፣ የሚሞላው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ መገጣጠሚያዎቹ ከተረፈ ማጣበቂያ ከጸዱ ወዲያ ነው። በጎማ ማልበሻ በሰያፍ እየተጫኑ መሙላት፣ ፊቱ ሲደበዝዝ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ መጥረግ ይበቃል። ውሃ የበዛበት ስፖንጅ ቀለሙን ያጥበዋል።

የእጅ ዋጋ በካሬ ሲዋዋሉ ዞኮሎ፣ ደረጃ፣ አሮጌ ወለል ማንሣትና ስክሪድ ማፍሰስ ለየብቻ ተጽፈው ቢገቡ ጭቅጭቅ አይኖርም። የካሬ ዋጋ ወደ ጥድፊያ እንደሚገፋ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጀማሪ ብቻውን የሚወስደው የመጀመሪያ ሥራ ትንሽ ጓዳ ወይም በረንዳ ቢሆን፣ በቀን ስንት ካሬ በጥራት መጨረስ እንደሚችልም በደብተር መዝግቦ ከዚያ ተነሥቶ ቢደራደር እመክራለሁ። ሲያስረክብ ወለሉን ከባለቤቱ ጋር እያንኳኳ ይዙር፣ የተረፈውን አንድ ካርቶንም የቀለም ቁጥሩ እንዳይጠፋ ሳይከፍት ለቤቱ ይተው። እኔ ክረምቱ ሲያልፍ በመስከረም ወደ ሠራኋቸው ቤቶች ጎራ እላለሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ኮሪደሩንና የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ በቁልፍ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፤ ድምፁ የተለወጠ ሴራሚክ ካገኘሁም ከተተወው ካርቶን ወስጄ በዚያው ሳምንት እቀይረዋለሁ።